አርባ ቀን ያለ ብረት

ቁስሉ የወጣው በግራ ጉንጬ ውስጥ፣ በታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ትይዩ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት በምላሴ ነው። በዓይኔ ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የመላጫ መስታወቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጉንጬን በጣቴ ገልብጬ ነው። መሐሉ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ ነበር፤ የራሰ የጋዜጣ ቁራጭ የተለጠፈበት ይመስላል። በጨርቅ ስጠርገው አልለቀቀም። አላመመኝም። ይህን አለማመሙን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ አምስት ወር ያዘናጋኝ እሱ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድሬዳዋ ተመድቤ ለመንግሥት ዜና የምጽፍ ዘጋቢ ነበርኩ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው፤ ልጅ አልወለድንም፣ ቤቱ ውስጥ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ሥራዬ ያየሁትን መጻፍ ስለነበር እዚህም ያየሁትን ብቻ አሰፍራለሁ። ከገጠመኝ ነገር ውስጥ ማስረዳት የማልችለው አንድ አለ። እዚያ ስደርስ አልችልም ብዬ አልፋለሁ።

ድሬዳዋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ቢሮው ይቆለፋል፣ ውሻው ሳይቀር ግድግዳ ሥር ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ሰው አይታይም። ያን ሰዓት የማሳልፈው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሙክታር ቤት ጫት በመቃም ነበር። ቃሚ ሁሉ የራሱ ጉንጭ አለው፤ የእኔ ግራው ነው። ለአሥራ ስምንት ዓመት ቅጠሉን እዚያው አንድ ቦታ ወትፌ ስውል ኖሬያለሁ። ቁስሉን ለሙክታር ስነግረው አፌን ክፈት እንኳ አላለኝም።

«አቦ፣ ጫቱ ነው የላጠህ። ጉንጭ ቀይር፤ ያኛው ይረፍ። መሬትም እኮ ጦም አድሮ ነው የሚያፈራው።»

ሌሎቹም ቃሚዎች ይህንኑ አሉ። አንዱ የራሱን ሁለት ጊዜ እንዳሳረፈ ነገረኝ። በከተማችን ጉንጭ መቀየር እንደ ሕክምና ይቆጠራል፤ ማንም ሐኪም አላዘዘውም፣ ማንም ቃሚ ግን አይጠራጠረውም። እኔም ወደ ቀኝ አዞርኩ። ጉንጬ አረፈ፣ ቁስሉ አላረፈም።

በሦስተኛው ወር ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ከግቢው በር ይጀምራል። አግዳሚው ላይ ወገብ ለወገብ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ ፊተኛው ሲገባ ሁላችንም አንድ መቀመጫ እንንሸራተታለን። ቁስል አጣቢው ድሬሰር አፌን አይቶ ሐምራዊ ቀለም ቀባኝና ፔኒሲሊን አዘዘልኝ። አሥር ቀን ተወጋሁ። ቁስሉ ሐምራዊ ሆነ እንጂ ሌላ ለውጥ አላመጣም። ሁለተኛው መርማሪ፣ የተሰበረ ጥርስ እየፋቀህ ነው ብሎ ጥርሴን ነቀለው። ጥርሱ አልተሰበረም ነበር፤ ነቅሎ ሲያሳየኝ ሁለታችንም ደህና መሆኑን አየን።

ከዚያ በኋላ ነው መለካት የጀመርኩት። የክብሪት እንጨት ጉንጬ ውስጥ አጋድሜ በጥፍሬ ምልክት እይዝና እንጨቱን ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ በማጣበቂያ እለጥፈዋለሁ። በየሳምንቱ አንድ እንጨት። ገጹ እየሞላ ሲሄድ ምልክቱ ከእንጨቱ ጫፍ ወደ መሐል ሲጓዝ ይታያል።

ሽታው የመጣው በአራተኛው ወር ነው። የራስ ሽታ ለራስ አይሰማም። እኔ ያወቅኩት አስካለ ትራሷን ወደ ግርጌ አዙራ መተኛት ስትጀምር ነው። ሙቀቱ ነው አለችኝ። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ።

ሰውየውን ያየሁትም በዚያው ወር ነው። አፌ ስለተበላሸ ሙክታር ቤት መሄድ ትቼ ቀትሩን መስኮት አጠገብ እቀመጥ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የኒም ዛፍ አለ። ሰውየው ከዛፉ ጥላ ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ፀሐዩ ላይ ቆሟል። ከአፍንጫው እስከ አንገቱ ድረስ በአረንጓዴ ሽርጥ ተጠቅልሏል። ወደ እኔ መስኮት ያያል። በማግስቱም ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላም ነበር። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ነው። ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ፤ በዚያ ሰዓት ዓይኑን የገለጠ ሰው አልነበረም። አንዲት አሮጊት ብቻ መልስ ሰጠችኝ፤ ቀትር የእነሱ ሰዓት ነው፣ አንተም አትይ አለችኝ። እነሱ ማለቷ እነማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እናቴም በልጅነቴ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ በቀትር እንዳልሻገር ስትከለክለኝ እንዲሁ ነበር የምትላቸው።

በአምስተኛው ወር ሆስፒታል ሄጄ አንድ የኩባ ሐኪም አየኝ። ጓንት አጥልቆ ቁስሉን በጣቱ ጫፍ ዞረው፤ ከዚያ አገጬ ሥር ግራና ቀኙን እየዳበሰ ብዙ ቆየ። በቋንቋው ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚዋ ነርስ አሳጥራ፣ «አዲስ አበባ ይሂድ፣ ከሁለት ሳምንት አይለፍ ይላል» አለችኝ።

«ነቀርሳ ነው?» አልኳት።

ነርሷ በሩን አየች። «ስሙን ለምን ይጠሩታል?»

ሐኪሙ የሪፈር ወረቀት ጻፈልኝ። ያን ወረቀት ይዞ ባቡር ላይ መውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ የመሥሪያ ቤት ፈቃድና የቀበሌ የይለፍ ወረቀት በሦስት ቀን ያልቃል። እኔ ግን አልሄድኩም። ያልሄድኩበትን ምክንያት መደበቅ ለማንም አይጠቅምም።

አስካለ ወረቀቱን ስታይ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። የአጎቷ ሚስት ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ነበር፤ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ተደረገላት፣ በአራተኛው ወር ሞተች። እንዲህ ያለ በሽታ ብረት ካልነካው ይተኛል፣ ቢላ ሲነካው ይነቃል፣ ከነቃ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ይህን ከእናቷ ሰምታዋለች፣ ከጎረቤት ሰምታዋለች፣ ቀብር ላይ ሰምታዋለች። «የተኛ ነገር ቀስቅሰህ እኔን ማን ጋ ልትጥለኝ ነው?» አለችኝ። ጠበል ሞክረን ነበር፤ አልያዘልኝም። ስለዚህ ሳቢያን ዳር ወደምትኖር አንዲት ሴት እንሂድ አለች፤ አዴ ሩቂያ ትባላለች። አዴ በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም እሷ ጋ ይሄዳል።

አውቃታለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ እሷ ጽፌያለሁ። ኋላ ቀር ልማድን ስለመዋጋት ተከታታይ ጽሑፍ ይፈለግ ነበርና የእሷን ቤት፣ የሕመምተኞቿን ብዛት፣ የምታስረውን ክር ዘርዝሬ አወጣሁት። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ቀበሌ አሰራት፤ ስንት ቀን እንደቆየች አላጣራሁም።

ሳቢያን ያን ጊዜ ቤት የተጠጋጋበት ሰፈር አልነበረም። ግቢዋ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው፤ ከኋላው ሜዳና ቁልቋል ብቻ። ሴትየዋ ቀጭን፣ ወደ ሰባ የምትጠጋ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ናት። ስሜን አልጠየቀችኝም።

«ጋዜጣውን ልጄ አነበበልኝ» አለች። «ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። የቤቴን በር ቀለም ብቻ ተሳስተሃል። ሰማያዊ ነው ብለሃል፤ አረንጓዴ ነው።»

ዞሬ አየሁት፤ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ያረጀ ነው፤ በቅርብ የተቀባ አይመስልም።

«ግራው ነው አይደል?» አለችኝ ቀጥላ። አፌን ገና አልከፈትኩም፤ ግን ጉንጬ ያን ጊዜ አብጦ ስለነበር ይህን እንደ ተአምር አልጻፍኩትም።

ያደረገችው ነገር ይህ ነው። ጥቁር የጥጥ ክር ከአናቴ እስከ አገጬ አዙራ ለካችና ሰባት ቦታ ቋጠረችው። የቋጠረችውን ክር ግድግዳው ላይ ከተተከለ የእንጨት ካስማ ላይ ሰቀለች። ካስማው ላይ ሌሎች ክሮችም ነበሩ፤ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። መራራ ቅጠል ተቀቅሎ የወጣ ውሃ አፌን እንድጉመጠመጥበት ሰጠችኝ። ከዚያ ሕጉን ነገረችኝ። አርባ ቀን ሰውነቴን ብረት እንዳይነካው። ምላጭ የለም፣ መርፌ የለም፣ ቢላ፣ ቁልፍ፣ መኪና፣ ባቡር የለም።

«የምትጽፍበት መኪናስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የጽሕፈት መኪና ነው፤ አዎ፣ ብረት ነው።»

«እሱንም ተው። አገሩ ትንሽ ይረፍ።»

አስካለ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ለወራት ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ማልኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ክሩ በሽታዬን እንደሚያስር አላመንኩም። ግን ፊቴን ቢላ እንዲነካው አልፈልግም ነበር፤ ፈሪ እንድባልም አልፈልግም። መሐላው ሲመጣ ለፍርሃቴ ልብስ ሆነለት። ከዚያ ወዲያ ያልሄድኩት ፈርቼ ሳይሆን ምዬ ነበር። በኋላ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ያገኘኋቸው ብዙዎች እንዲህ ያለ ልብስ ነበራቸው፤ አንዱ ሱባኤ ይለዋል፣ አንዱ የልጅ ሠርግ፣ አንዱ አዝመራ።

አሥራ ሦስት ቀን ጠበቅኩት። ጢሜ አደገ። ዜናዬን በእርሳስ እየጻፍኩ፣ ጣቴን አሞኛል ብዬ በሌላ ሰው በመኪናው አስመታለሁ። በሰባተኛው ቀን ሕመሙ ቀነሰ። አስካለ ይህን ስነግራት ትራሷን ወደ ቦታው መለሰች። እኔም ማመን ጀመርኩ፤ ማመኔን ያወቅኩት በክብሪቱ አንድ ሳምንት ሳልለካ በማሳለፌ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለካሁ። ምልክቱ ከእንጨቱ መሐል አልፎ ነበር። የቀነሰው ሕመሙ ነው፤ ቁስሉ አይደለም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ በሩ ላይ ሰው ቆመ።

ለአየር ብለን ክፍት ትተነው ነበር። አስካለ ጓዳ ተኝታለች። ሰውየው የኒሙ ዛፍ ሰው ነው፤ ሽርጡ ያው አረንጓዴው ነው። በእጁ የመጠጣት ምልክት አሳየኝ። በላስቲክ ኩባያ ውሃ ሰጠሁት። ተቀበለና ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ሽርጡን ዝቅ አድርጎ ጠጣ። ውሃው ሲሚንቶው ላይ ሲንጠባጠብ ሰማሁ፤ በጠጣ ቁጥር ይንጠባጠባል። ከዚያ ሽታው ደረሰኝ። የእኔ ሽታ ነው። የራሴን ሽታ በሌላ ሰው ላይ ሳገኘው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሬንና እርሳሴን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። የሚጽፈው በመሠረተ ትምህርት ጎልማሳ ሆኖ ፊደል እንደቆጠረ ሰው ነው፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ አንድ አንዱ ለብቻው የቆመ።

«ስንተኛ ቀንህ ነው።»

አሥራ ሦስተኛ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ጻፈ።

«እኔ ሦስት ጊዜ አርባ።»

ከዚያ ሽርጡን ፈታው። ያየሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ አፉ ተዘግቶ ሳለ የግራ ጥርሶቹን እስከ ሥራቸው አየኋቸው።

መልሶ ተጠቀለለና ወጣ። አሥር እስክቆጥር ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ስወጣ መንገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ባዶ ነበር። ተመልሼ አስካለን ስቀሰቅሳት ሲሚንቶው ደርቋል፤ በዚያ ሙቀት ይደርቃል። ደብተሩን ሰጠኋት። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። የማን ጽሕፈት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የነገርኩሽ ሰው ነው አልኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሂድ» አለችኝ በመጨረሻ። «ግን አስራሃለች። ካልፈታችህ ባቡሩ ላይ አትወጣም።»

ልክ ናት፤ አልወጣም ነበር። የማያምንበትን መሐላ ማፍረስ ለሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ ጋ ቀላል አልሆነም።

አሥር ሰዓት ላይ በእግራችን ሳቢያን ደረስን። አዴ ሩቂያ ግቢዋን ስትጠርግ አገኘናት። እንድትፈታኝ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የመጣብኝን ሰው ከነሽርጡ፣ ከነጻፈው ነገርኳት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። የሽርጡን ቀለም አስደገመችኝ። ከዚያ ወደ ቤት አስገባችንና የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች።

አልጋ ላይ ሰው ተኝቷል። እስከ ደረቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ፊቱ በዚያው አረንጓዴ ሽርጥ ተጠቅልሏል። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ እኔን ያያሉ።

«ጀማል ነው» አለች። «ልጄ። ከረመዳን ወዲህ ከዚህ አልጋ አልወረደም።»

ረመዳን ካለፈ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ከእኛ ቤት እስከዚያ ጤነኛ ሰው ፈጥኖ ቢሄድ አንድ ሰዓት አይበቃውም። እርግጥ ነው እሷም በቀትር ትተኛለች፤ ማን ወጣ ማን ገባ ላታውቅ ትችላለች። ይህን ያን ጊዜውኑ አሰብኩት። ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጥ አድርጌ እግሩ አቧራ ይኑረው አይኑረው ማየት እችል ነበር። በእጄ ልክ ቅርብ ነበር። አላየሁም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ማየት እየቻልኩ ሳላይ የተመለስኩት ያን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማስረዳት አልችልም።

መጋረጃውን መለሰችው።

«ሦስት ጊዜ ያሰሩት እርስዎ ነዎት?» አልኳት።

«እኔ ነኝ። ለምኖኝ ነው፤ እንዳንተ ብረት ይፈራል።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ያሰርኩትን የምፈታው የታሰረው ራሱ ሲጠይቀኝ ነው። እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ፣ እሷንም እናቷ። በየአርባው መጨረሻ እዚህ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። እሱ ጨምሪልኝ አለ፤ ጨመርኩለት። አንድ ቀን ፍቺኝ ቢለኝ፣ ወላሂ፣ በጀርባዬ አዝዬ ሆስፒታል አደርሰው ነበር።»

ከመጋረጃው ወዲያ የሚተነፍስ ሰው ይሰማል።

«አዴ፣ ይፍቱኝ» አልኳት።

ክሩን ከካስማው አውርዳ ሰባቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ በጥርሷና በጥፍሯ ፈታችው። ክሩን ለእኔ አልሰጠችኝም። እኔን ውጭ እንድጠብቅ አዝዛ አስካለን ብቻዋን አስቀረቻት። ስትወጣ ምን እንዳለቻት ጠየቅኳት፤ የሴት ነገር ነው ብላኝ ከፊቴ ቀደመች።

በሦስት ቀን ወረቀቶቼ አለቁ። ለአስካለም የይለፍ ወረቀት አውጥቼላት ነበር። አልሄድም አለችኝ። ቤቱን ማን ይጠብቃል አለች። የሚሰረቅ ነገር እንደሌለን ሁለታችንም እናውቃለን። ፊቴን ሊቆርጡኝ ስሄድ ሚስቴ ቤት ትጠብቃለች። ተቆጣሁ፤ ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ እዚህ አልደግመውም። ሙክታር መቀሱንና ማሽኑን ዘግቶ አብሮኝ ተነሳ። አስካለ እስከ ለገሃር ሸኘችን፣ ግን ግቢው ውስጥ አልገባችም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ቆማ እጇን አነሳች። ባቡሩ ላይ ሆኜ ይህን ለሙክታር አሥር ጊዜ ነገርኩት። «ወርያ፣ ሴትየዋን ተዋት፣ አፍህን አሳርፍ» አለኝ በአሥራ አንደኛው።

አዲስ አበባ ያየኝ ቀዶ ሐኪም ትንሽ የሚናገር ሰው ነበር። «ነቀርሳ ነው» አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ስሙን በሩን ሳያይ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ስሙን ስሰማ ደንግጬ ነበር፤ ግን ድንጋጤው ቁርጥ ያለ ነው፣ ወርድና ቁመት አለው። ቢላ ሲነካው ይነቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሰው ሲጀምረው አይመጣም፣ ሲብስበት ነው የሚመጣው፤ አርፍዶ መጥቶ ሲሞት ቢላው ይወቀሳል አለኝ። የጉንጬን ውስጠኛ ሥጋ፣ ሁለት የመንጋጋ ጥርስና ከድዱ ጥቂት እንደሚያነሳ፣ ክፍተቱን ከጭኔ በሚወስደው ቆዳ እንደሚሸፍን አስረዳኝ። ከአንገት ዕጢዎች ከደረሰ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን የሚያውቀው ከፍቶ ሲያይ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ስምንት ሆነን ተኝተናል። ከአልጋ ሥር የጠበል ጠርሙስ አለ፣ ከትራስ ሥር የቁርኣን ቁራጭ አለ፤ ነርሶቹ አልጋ ሲያነጥፉ አንስተው እዚያው ይመልሱታል። ማታ ማታ የሁሉም ጸሎት አንድ ላይ ሆኖ እንደ ዝናብ ይሰማል። በእኔ ግራ አንድ የባሌ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉሮሯቸው ተነክቷል። ከቀዶው በፊት በነበረው ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ እጃቸውን ዘርግተው የአልጋዬን ብረት ያዙ። እስኪነጋ አለቀቁትም። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ መናገርም አይችሉም ነበር።

ስነቃ ፊቴ የእኔ አልነበረም። በቱቦ እበላለሁ፤ ሙክታር አጥሚቱን በሻሽ እያጠለለ ያቀርባል፤ ከልብስ ሰፊ የተሻለ አጥላይ የለም ይላል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የምርመራው ወረቀት መጣ። ሐኪሙ ቆሞ አነበበልኝ፤ በሽታው ነቀርሳ መሆኑ ተረጋግጧል፣ የተቆረጠው ሥጋ ዳር ዳሩ ንጹህ ነው፣ ዕጢዎቹ ላይ አልደረሰም። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ሽርጥ ለብሶ አይቼዋለሁ።

አሁን ይህን ለሚያነብ ቃሚም ሆነ ያልቃመ ሰው የምለው አጭር ነው። አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ባያምምም፣ ጉንጭ አትቀይሩ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጸሎት ያለው ይጸልይ፣ ስለት ያለው ይሳል። አዴ ሩቂያን ዛሬም ቢሆን በክፉ አላነሳትም፤ ስለ እሷ እንደገና ብጽፍ የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ ነው። ግን ራሳችሁን ስታስሩ፣ ለማን ብላችሁ እንደታሰራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ጀማል የሞተው እኔ አልጋ ላይ ሳለሁ ነው።

ወደ ድሬዳዋ የተመለስኩት በማለዳው ባቡር ነው። ጥግ አካባቢ ያለው የከንፈሬ ስፌት ስላልደረቀ ሁለት ክር ቀርቶብኛል። አስካለ ከባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ የለችም። ቁጣዬ እንደ አዲስ ተነሳ። ወጣሁ፤ ከአጥሩ ብረት አሥር እርምጃ ርቃ አፈሩ ላይ ቆማለች። ከስታለች። ጣቶቿን አየሁ፤ ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል፣ ጫፋቸው ሽንኩርት በልቶት ተልጧል።

ሙክታር ጓዙን ይዞ ቀድሞን ሄደ። ያኔ ነው የነገረችኝ። አዴ ሩቂያ፣ የተፈታ ሰው የቀረው ቀን መሬት አይወድቅም፣ ከቤቱ አንድ ሰው ይሸከመዋል ብላታለች። ሃያ ሰባት ቀን ነበር የቀረው። አስካለ ቢላ አልነካችም፤ ሽንኩርቱን በጥፍሯ ትገነጥላለች። የቧንቧውን እጀታ ጎረቤት ይከፍትላታል፤ ቁልፍ ሳትቆልፍ ታድራለች። ባቡር ላይ መውጣት ማለት ለእሷ ቀኖቼን ብረት ላይ መድፋት ነበር።

«ቤት መጠበቅ ነው ያልሺኝ» አልኳት። ቃሌ ገና አይጠራም፤ ግን ገባት።

«ብነግርህ ታምን ነበር? እቤት ስታሾፍብኝ እንድትከርም?»

አላምንም ነበር። አሁንም አምናለሁ አልልም። ስንት ቀን እንደቀራት ጠየቅኳት፤ ሁለት አለች። አሹፌ ማለፍ እችል ነበር፤ ቀኑን በጣቴ ቆጥሬ አረጋገጥኩ። ልክ ነው፣ ሁለት።

ወደ እኔ ቀረብ ብላ እጇን ወደ ጉንጬ አነሳችና አየር ላይ ያዘችው። ከንፈሬ ጥግ የቀሩትን ሁለት ጥቁር ክሮች ታያለች።

«የሰፉህ በምንድን ነው?» አለችኝ። «ሽቦ ነው?»

«ሐር ነው።»

«ጠይቀሃቸዋል?»

«ጠይቄያለሁ። ሐር ነው።»

ከዚያ በኋላ ብቻ እጇን ፊቴ ላይ አሳረፈችው።